ያውቁ ኖሯል? «ብርድ ነው» የተባለው ቁርጥማት ሩማቶይድ ሊሆን እንደሚችል

ይርጋጨፌ ላይ ጠዋት ጣቷ አልታጠፍ ያላት እናት «ምን ሆነሽ ነው?» ስትባል መልሷ አጭር ነው፤ «ብርድ መትቶኝ ነው»። ዲላም፣ ሐዋሳም፣ አዲስ አበባም ቢጠይቁ መልሱ ያው ነው። «ብርድ» እና «ሪህ» በሚሉት ሁለት ስሞች ሥር ግን ብዙ ዓይነት በሽታ ተደብቋል። አንዳንዱ ጊዜ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ጨርሶ አይሰጥም። የዛሬው ዓምዳችን እነዚህን በአጭር በአጭሩ ይለያያል።

መነሻው

• ያውቁ ኖሯል? ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚጀምረው ከአጥንት አይደለም። በሽታን እንዲከላከል የተፈጠረው የሰውነታችን ሥርዓት ተሳስቶ የመገጣጠሚያን ስስ የውስጥ ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ውሃ ይቋጥራል። ዝም ከተባለ ልም አጥንቱን፣ ቀጥሎም አጥንቱን ይበላል።

• የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 ከሩማቶይድ ጋር የሚኖሩ ሰዎች 18 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከ10 ታማሚዎች 7ቱ ሴቶች ናቸው።

• የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ30 እስከ 60 ባለው ዕድሜ፣ ሰው ሮጦ በሚያድርበት ዘመን ነው። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሚይዝ የራሱ ዓይነት የመገጣጠሚያ ብግነትም አለ።

• በዘር ብቻ አይመጣም። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላውም የሚታመመው ከ100 በ15 ያህሉ ብቻ ነው። እናትዎ ስለታመሙ እርስዎም የግድ ይታመማሉ ማለት አይደለም።

• በራሳችን እጅ ካሉት አጋላጭ ነገሮች ዋነኛው ሲጋራ ነው። የድድ በሽታም ከሩማቶይድ ጋር ዝምድና እንዳለው ተደርሶበታል። ጥርስን መፋቅ ለመገጣጠሚያም ሳይበጅ አይቀርም።

• እ.ኤ.አ. በ1975 ደቡብ አፍሪካ ላይ የታተሙ ጥናቶች በሶዌቶ ከተማ ከ100 ጎልማሶች አንድ ለሚጠጋው ሩማቶይድ ሲያገኙ፣ በገጠር በሚኖሩ ጽዋናዎች ዘንድ ያገኙት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር። የከተማ ኑሮ ምን እንደሚጨምር ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

• በሽታውን በሚገባ የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ላንድሬ ቦቬ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1800። ሪህ በዚያ ዘመን የሀብታም ወንዶች ሕመም ነበር፤ እሱ ግን ድሆች ሴቶችን የሚያጠቃ ሌላ ዓይነት «ሪህ» አየ። ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው አልፍሬድ ጋሮድ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ሁለቱን በሽታዎች ማምታታት የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ብርድ ነው ወይስ ሌላ?

• ይርጋጨፌ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት፤ ጠዋቷ ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜ የታመመ መገጣጠሚያን ሊያባብስ ይችላል፤ ሩማቶይድን ግን አይፈጥርም። በሽታው በሞቃት አገሮችም አለ።

• የመጀመሪያው መለያ ሰዓት ነው። ከእንቅልፍ ሲነሱ መገጣጠሚያዎ ተሳስሮ ከግማሽ ሰዓት፣ ይልቁንም ከአንድ ሰዓት በላይ ካልተፍታታ ሩማቶይድን ይጠርጥሩ። በጥቂት ደቂቃ ተፍታትቶ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩበት እየባሰ ማታ የሚያሠቃይ ከሆነ ግን የልም አጥንት መሳሳት ሊሆን ይችላል።

• ሁለተኛው መለያ ቦታው ነው። ሩማቶይድ የሚወደው ትንንሾቹን መገጣጠሚያዎች ነው፤ ጣት ከመዳፍ የሚጋጠምበትን፣ የጣት መሐል አንጓን፣ የእጅ አንጓን፣ የእግር ጣት ሥርን። ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝን እኩል ይይዛል። ጥፍር አጠገብ ያለውን የመጨረሻ አንጓ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል።

• ሦስተኛው እብጠት ነው። ሕመም ብቻ ሳይሆን ሲነኩት ለስለስ የሚል፣ ሞቅ ያለ እብጠት ካለ ጉዳዩ ከድካም ያለፈ ነው። አራት ጣቶች በሰው እጅ ሲጨበጡ «ኧረ ለቀቅ!» የሚያሰኝ ሕመምም ሐኪሞች የሚፈልጉት ምልክት ነው።

• የልም አጥንት መሳሳት ከሩማቶይድ እጅግ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች 528 ሚሊዮን ተብለው ተገምተዋል። ጉልበት፣ ዳሌና የአውራ ጣት ሥር ዋና ዋና ቦታዎቹ ናቸው። ክብደት ለበዛበት ሰው አንድ ኪሎ መቀነስ ማለት በእያንዳንዷ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ማንሳት ነው።

• ትክክለኛው ሪህ ዩሪክ አሲድ የተባለ ነገር በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም የሚነሳ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሌሊት፣ በእግር አውራ ጣት፣ ብርድ ልብስ እንኳ ሲነካው በሚያስጮህ ሥቃይ ነው። ሥጋና መጠጥ ቀንስ የሚባለው ለዚህኛው እንጂ ለሩማቶይድ አይደለም።

• ለይርጋጨፌ ሰው የምሥራች አለን! እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከ45 ሺህ የሚበልጡ ወንዶችን ለ12 ዓመት ተከታትሎ፣ በቀን ከ4 እስከ 5 ስኒ ቡና የሚጠጡት በሪህ የመያዝ ዕድላቸው ከማይጠጡት በ40 በመቶ ያነሰ መሆኑን አገኘ። ይህ ግን ለሪህ ነው፤ ቡና ሩማቶይድን አይከላከልም፣ አያድንምም።

• ልጅዎ ጉሮሮውን ታምሞ ከሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በኋላ ዛሬ ጉልበቱን፣ ነገ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከነገ ወዲያ ክርኑን ካለ የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ስሙ ከሩማቶይድ ጋር ይመሳሰላል፤ በሽታው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። መገጣጠሚያውን ሳይጎዳ ያልፍና የልብን በር ሊያበላሽ ይችላል። ሐኪም ለዚህ በየወሩ ወይም በየ3 ሳምንቱ ያዘዘውን የፔኒሲሊን መርፌ «ዳነ» ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

• ሳይፈላ የተጠጣ ወተትም መገጣጠሚያን ያሳምማል። ብሩሴሎሲስ የተባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል። ወተት አፍልቶ መጠጣት መከላከያው ነው።

• እ.ኤ.አ. በ2019 ድሬዳዋ ላይ ቺኩንጉንያ ሲነሳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ወረርሽኝ ተይዘዋል። በወባ ትንኝ ሳይሆን ቀን በምትናከስ ሌላ ትንኝ የሚተላለፈው ይህ ቫይረስ ለወራት የሚቆይ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊተው ይችላል።

• አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት ቀልቶ፣ አብጦ፣ አቃጥሎ፣ ትኩሳትም ካለ አይደሩበት። መግል የቋጠረ መገጣጠሚያ በቀናት ውስጥ ሊበላሽ፣ ሕይወትንም ሊያሰጋ ይችላል።

እጅ፣ እንሰትና ቡና

• ይርጋጨፌ የምትገኝበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ነው። ከዛፍ ሥር እንሰት፣ ከእንሰት ሥር ቡና የሚበቅልበት ይህ ተዳፋት መሬት በበሬ ሳይሆን በሰው እጅ የለማ ነው።

• አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና መልቀም ያስፈልጋል። ፍሬው አንድ በአንድ በጣት ይለቀማል፤ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶም የሴቶች ጣት ይመርጠዋል። ሩማቶይድ የሚያጠቃውም እነዚህኑ የጣት አንጓዎች ነው።

• እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው፤ መሬት ተቀምጦ ሙሉ ክንድን፣ የእጅ አንጓንና ትከሻን ይጠይቃል። ሥራ ሩማቶይድን አያመጣም። በበሽታ የተቆጣ መገጣጠሚያ ግን ያለ እረፍት ሲሠራበት ይብስበታል። «ሥራ አበዛሽ» ብሎ ታማሚዋን መውቀስም፣ «ሰነፈች» ብሎ ማማትም ስሕተት ነው።

• ዘዴ አለ። ጀሪካን በጣት ከማንጠልጠል በጀርባ ወይም በትከሻ ይያዙ። የቢላና የመፋቂያ እጀታ ላይ ጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩት፤ ወፍራም እጀታ ጣትን አያስጨንቅም። ጀበናን በአንድ እጅ ሳይሆን በሁለት እጅ ይቅዱ። ከዝቅተኛ ዱካ ከፍ ወዳለ ወንበር ይዙሩ። ከባድና ቀላል ሥራ እያፈራረቁ ይሥሩ።

• ሙሉ ቀን መተኛት መድኃኒት አይደለም። መገጣጠሚያው በጣም በተቆጣበት ቀን ያሳርፉት፤ ቀለል ሲልዎ ያንቀሳቅሱት። የማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻም ይከሳል።

• ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው። ሩማቶይድ ጡንቻን የሚያከሳና ደም ማነስ የሚያስከትል በመሆኑ ከቆጮው ጋር ባቄላ፣ ጎመን፣ የፈላ ወተት ወይም እንቁላል ቢኖር ይመረጣል።

• እንሰት አብቃይ በሆኑ የደቡብ አካባቢዎች ለተሰበረ አጥንት ተብለው የሚጠበቁ የእንሰት ዓይነቶች አሉ፤ አሚቾ የሚባለው ሥራቸው ተቀቅሎ ለታማሚ ይሰጣል። ምግብነቱ ጥሩ ነው። ሩማቶይድ ግን ስብራት አይደለም፤ በአሚቾ አይመለስም።

• ወጌሻ ውልቃት ያቃናል ይባላል። በብግነት ያበጠን መገጣጠሚያ ግን መጎተትና በኃይል ማሸት ጉዳቱን ያከፋዋል።

• እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ ያደረጉት በ1879 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችውም እንዲያ ነው። ፍልውሃም ሆነ ወንዶ ገነት የሚፈልቀው ሙቅ ውሃ የተሳሰረ መገጣጠሚያን ያፍታታል፣ ሕመምን ለሰዓታት ያስታግሳል። አጥንት የሚበላውን በሽታ ግን አያቆምም። ጠዋት ቤትዎ እጅዎን ለብ ባለ ውሃ ቢነክሩም ተመሳሳይ እፎይታ ያገኛሉ።

የላቦራቶሪው ወረቀት ምን ይላል?

• «ሩማቶይድ ፋክተር» የተባለው የደም ምርመራ ብቻውን አይፈርድም። ከታማሚዎች ከ20 እስከ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ ምንም አያሳይም። በሌላ በኩል ጤነኛ አረጋውያን፣ የጉበት ቫይረስ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ያለባቸው ሰዎች ላይ «አለ» ሊል ይችላል።

• «ኤ.ኤስ.ኦ.» የተባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሏል ማለት አንድ ዓይነት የጉሮሮ ባክቴሪያ በቅርቡ ጎብኝቶዎታል ማለት ነው። ሩማቶይድ አለብዎት ማለት አይደለም።

• ዩሪክ አሲድ ከፍ ያለበት ሰው ሁሉ ሪህ የለበትም። ሪህ በተነሳበት ዕለት ደግሞ ልኬቱ ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

• ራጅ መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ አጥንት መበላቱ በራጅ እስኪታይ ድረስ ወራት ያልፋሉ። ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። «ራጁ ምንም የለውም» ተብለው ተመልሰው እብጠቱ ካለ፣ እንደገና ይሂዱ።

• ስለዚህ ወሳኙ ወረቀት ሳይሆን ጣትዎን አንድ በአንድ የሚነካ ሐኪም ነው። እብጠቱ ያለባቸውን አንጓዎች፣ የጠዋቱን መተሳሰር ርዝመትና ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ጽፈው ይዘው ይቅረቡ።

ስለ መድኃኒቱ

• ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመም ያስታግሳሉ፤ በሽታውን ግን አያቆሙም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። በባዶ ሆድ መዋጥ፣ በተለይ በጾም ወቅት፣ ጉዳቱን ያባብሳል።

• እ.ኤ.አ. በ1948 ማዮ ክሊኒክ ውስጥ አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች ከአልጋ መነሳት ያቃታትን አንዲት ወጣት ሴት ኮርቲዞን የተባለ መድኃኒት ወጋት፤ በቀናት ውስጥ ተራመደች። በ1950 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ኖቤል ተሸለመ። ቆይቶ ግን የመድኃኒቱ ሌላ ገጽ ታየ፤ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ ለሳንባ ነቀርሳ በር ይከፍታል።

• የኮርቲዞን ቤተሰብ የሆኑት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ዛሬም ይሠራሉ፤ በሐኪም ትእዛዝ፣ በአነስተኛ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ። «ያችን የምታድነኝን መርፌ ውጉኝ» እያሉ መመላለስ ሕመሙን ሸፍኖ አጥንቱን ያስበላል። ለሳምንታት የወሰዱትን በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው።

• የሩማቶይድ ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። መጀመሪያ የታወቀው በካንሰር ሕክምና ሲሆን አሜሪካ ለሩማቶይድ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። እንደ ማስታገሻ መርፌዎች አይደለም፤ ውጤቱ እስኪታይ ከ6 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ይጠይቃል።

• ይህችን አይርሱ! ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስሕተት በየቀኑ የዋጡ ሰዎች ሞተዋል። ቀኑ እንዳይጠፋብዎ በሳምንት አንዴ ብቻ ከሚውል የገበያ ቀን ጋር ያያይዙት። አብሮ የሚታዘዘውን ፎሊክ አሲድ አይተዉ፣ አልኮል ይራቁ፣ የጉበትና የደም ምርመራውንም በቀጠሮው ያድርጉ።

• ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሜቶትሬክሴትን ወራት ቀደም ብላ፣ ሐኪሟን አማክራ ማቆም አለባት፤ ጽንስን ይጎዳል። የሚገርመው በብዙ ሴቶች ሩማቶይድ በእርግዝና ጊዜ ረገብ ይላል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ግን ተመልሶ ይነሳል። የአራስ ቁርጥማት ሁሉ «ብርድ ገብቷት ነው» ተብሎ መታለፍ የሌለበት ለዚህ ነው።

• የወባ መድኃኒትም ለመገጣጠሚያ ይታዘዛል። ክሎሮኪንና ዘመዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሩማቶይድን እንደሚያለዝቡ የተጠረጠረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወባ መከላከያ የሚወስዱ ወታደሮች ሕመማቸው ሲቀል ታይቶ ነው። መጠኑ በክብደት ስለሚሰላና ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል ከቤት የተረፈውን አንስተው አይዋጡ።

• እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ «ባዮሎጂክ» የሚባሉ ውድ መርፌዎች መጥተዋል። ኃይለኛ ናቸው፤ ተደብቆ የተኛን የሳንባ ነቀርሳ ግን ይቀሰቅሳሉ። እንደ እኛ የሳንባ ነቀርሳ በበዛበት አገር ቅድመ ምርመራው የግድ ነው።

• እ.ኤ.አ. በ1991 ኖርዌያውያን ተመራማሪዎች ለአጭር ጊዜ ጾመው ከዚያ ወደ አትክልት ምግብ የዞሩ ታማሚዎች ለአንድ ዓመት ያህል እፎይታ እንዳገኙ ጽፈዋል። የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂት ነበሩ። ጾምዎን ይጹሙ፤ መድኃኒትዎን ግን አይጹሙ።

ከሩማቶይድ ጋር የሠሩ እጆች

• ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሬኗር ወደ 50 ዓመቱ ሲጠጋ ሩማቶይድ ያዘው። ጣቶቹ ተጣመሙ፤ ብሩሹን ሌላ ሰው እጁ ላይ እያስያዘው እ.ኤ.አ. በ1919 እስኪሞት ድረስ ሥዕል አላቆመም።

• እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1967 ኬፕታውን ላይ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ያደረገው ክርስቲያን ባርናርድ ያኔም ሩማቶይድ ነበረበት። ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ቀዶ ሕክምና ያቆመው በ1983 ነው።

• ሩማቶይድ መገጣጠሚያ ላይ አይቆምም። ዓይንን ያደርቃል፣ ሳንባን ይነካል፣ የልብ ሕመም አደጋን በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ያሳድጋል። ግፊትን መለካትና ሲጋራን መተው የሕክምናው አካል ናቸው።

ወዴት ይሂዱ?

• መንገዱ ከቀበሌው ጤና ኬላ ወይም ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ወደ ይርጋጨፌ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም 35 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያመራል። ከዚያ በላይ ሐዋሳና ከዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ አሉ።

• የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ ይህን ቅደም ተከተል በሪፈራል ወረቀት ይከተሉ። ወረቀቱ ከሌለ ወጪው በራስዎ ኪስ ሊወድቅ ይችላል።

• የመገጣጠሚያ ሕክምና ስፔሻሊስቶች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ በአብዛኛውም አዲስ አበባ ይገኛሉ። ሕክምናውን ለመጀመር ግን የግድ እነሱን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሊጀምርልዎ ይችላል።

• የዓለም የአርትራይተስ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 2 ቀን ይውላል፤ የቡናው ፍሬ ቀልቶ ለቀማው በሚቃረብበት ወቅት። የመፈልፈያ ጣቢያዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ያን ቀን ሴት ሠራተኞቻቸውን «ጠዋት ጣትሽ ይታጠፋል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ምንም ወጪ የለውም።

• የመጨረሻዋ፣ ከሁሉም የምትበልጠው ይህች ናት። ሕክምናው ሕመሙ በጀመረ በ3 ወር ውስጥ ሲጀመር የመገጣጠሚያው የመትረፍ ዕድል ከፍ ይላል፤ አንዴ የተበላ አጥንት ግን አይመለስም። መገጣጠሚያዎ ካበጠ፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተሳሰረና ይህም 6 ሳምንት ከሞላው «ብርድ ነው» ማለቱን ይተዉና በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂዱ።